ጫጩቷና የሌላንድ ቅዳሜዎች

የእህቴ ባል ሌላንድ ክሬቺ መኪና ሻጭ ነው፤ ውሸት ግን አይችልበትም። ሁለቱ ነገሮች አንድ ሰው ላይ እንዴት እንደተገናኙ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምሥጢሩን ሲጠይቁት «የማልነዳውን አልሸጥም» ብሎ ያልፋል። አዲስ ዓይነት መኪና በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ራሱ ጭቃ ውስጥ ይነዳዋል፣ በረዶ ውስጥ ይነዳዋል፣ ወገቡን ካመመውም ወገቤን አሞኛል ብሎ ለገዢው ይናገራል። እንዲህ እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲሸጥ ኖሮ፣ በከተማችን በቦን ክሪክና በዙሪያዋ ባሉት የበቆሎ እርሻዎች ከሚርመሰመሱት ፒክአፖች ግማሽ ያህሉ በእሱ እጅ ያለፉ ናቸው። ከዘመድ ሁሉ ፒክአፕ ያልገዛሁት እኔ ቨርን ብቻ ነበርኩ። ከእናቴ የወረስኳትን አሮጌ የቤት መኪና እየነዳሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ዳር ተቀምጬ ዓሣ አጠምድ ነበር።

ያልገዛሁት ገንዘብ ቸግሮኝ አይደለም። ፒክአፕ ያለው ሰው ቅዳሜ የለውም፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ሌላንድን ማየት ይበቃ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ገና ቡናውን ሳይጨርስ ስልኩ ይጮኻል። «ሌላንድ፣ ልጃችን ቤት ልትቀይር ነው፤ ፒክአፑን ይዘህ ብቅ ትላለህ?» «ሌላንድ፣ ማቀዝቀዣ ገዝተን መንገድ ላይ ቀረን።» «ሌላንድ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጠረጴዛዎች የሚመልስ ሰው ጠፋ።» እሱም ቡናውን ትቶ እየሮጠ ይወጣል። እህቴ አርዲስ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚያነጋግረው ሰው ስለሌለ፣ ያ ጥሪ ለእሱ ምግቡ ነበር። ሶፋውን ተሸክሞ ሲያበቃ የባለ ሶፋው ሚስት ቺሊ የምንለውን የሥጋና የባቄላ ወጥ በጎድጓዳ ሳህን፣ የቀረፋ ዳቦውን ከጎኑ አድርጋ ታቀርብለታለች። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው ያወራሉ። ማታ ቤቱ ሲገባ ጠግቦም ተጫውቶም ነው፤ ያን ጊዜ ባዶ ቤት ብዙም አያስፈራም።

ስለ ጣታችንም ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለ እሱ አይሄድም። ሁለት መኪኖች በኮረኮንቹ መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሹፌሮቹ እጃቸውን ከመሪው ሳያላቅቁ ሌባ ጣታቸውን ብቻ ቀና ያደርጋሉ። ሰላምታው ይኸው ነው። ሙሉ እጁን የሚያውለበልብ ሰው ወይ የትልቅ ከተማ ሰው ነው፣ ወይ ሚስቱ ወልዳለታለች። ጣቱን ያላነሳ ግን ተቀይሟል ማለት ነው። በአጥር ተጣልተው ለዓመታት የተዘጋጉ ሁለት ወንድማማቾች መታረቃቸውን የሰማነው፣ አንዱ ለአንዱ ጣት ሲያነሳ ካየች ሴት ነበር።

ሌላንድ የሚሠራበት የመኪና መሸጫ የማርቫ ሊንድ ነው። ማርቫ ሱቁን ከባሏ የወረሰች፣ ደግ፣ ነገር ቶሎ የሚገባት፣ ነገር ግን ልቧ ከጭንቅላቷ የሚቀድም ሴት ናት። አንድ ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ጣሊያን አገር ሄደች። ሌሎቹ ሴቶች ሻርፕ ገዝተው፣ ሥዕል ገዝተው ተመለሱ። ማርቫ ስድስት መኪና አዘዘች።

መኪኖቹን የጫነው ተሳቢ በዋናው መንገድ ሲገባ ግማሽ ከተማ ወጥቶ ነበር። ሲወርዱ አየናቸው። ክብ ክብ ያሉ፣ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ ፓራውልታቸው ከጉልበት የማያልፍ ነገሮች ናቸው። ዱዌን ሽሚት የሚባለው አሳማ አርቢ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሹፌሩን «የቀረው ግማሽ መቼ ነው የሚመጣው?» አለው። ስማቸውን አስተካክሎ የሚጠራ ሰው ስላልተገኘ፣ አንደኛዋም ብጫ ስለነበረች፣ በዚያው ቀን ጫጩት ተብለው ቀሩ።

ሰው አልመጣም ማለት አይቻልም። እየመጣ ገባባቸው፤ ከገባ በኋላ ግን ሳይገዛ ነው የሚወጣው። ዱዌን ራሱ የኋላውን በር ከፍቶ እጁን ዘርግቶ ለካ።

«አድኜ የገደልኩት አጋዘን የት ነው የሚገባው?»

«የኋላው ወንበር ይታጠፋል» አለው ሌላንድ።

«የአጋዘኑስ እግር ይታጠፋል?»

የትምህርት ቤቱ ኩሽና ኃላፊ ግሌንዳ ደግሞ ከቤንዚን ማደያው የገዛችውን ባልዲ የሚያክል ለስላሳ ይዛ ገባች፤ የምታስቀምጥበት ቦታ ፈለገች፤ ጣሊያኖቹ ለሁለት ጉንጭ ቡና የሠሩትን ቀዳዳ አገኘች። ብርጭቆዋን ጭኖቿ መካከል አድርጋ አንድ ጊዜ ዞራ ስትመለስ ቀሚሷ ረጥቦ ነበር። «ቆንጆ ናት» አለች ወርዳ፣ «ግን ውኃ ሳይጠሙ የሚኖሩ ሰዎች የሠሯት ትመስላለች።» ሦስት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ሁለቱን ልጆች ከነወንበራቸው ካስገቡ በኋላ ሦስተኛውን ቆመው አዩት። ልጁ ነገሩ ገብቶት ማልቀስ ጀመረ።

ማርቫ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። «ሮም ውስጥ እኮ ሰው ሁሉ የሚነዳው ይህንኑ ነው» ትላለች። «ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ አድርጎ ይገባል፣ ይወጣል።»

«እኛ ዳቦ ቤት ለመድረስ የሚፈጅብን ጊዜ ሮም ውስጥ ሦስት መንደር ያሻግራል» አልኳት እኔ። ሮም ሄጄ አላውቅም፤ ግን ማርቫም የሄደችው አንድ ጊዜ ነው።

በሐምሌ፣ የእኛ አገር በጋ ሲጋመስ፣ አንዷም አልተነሳችም። ማርቫ አንድ ቀን ጠዋት ሌላንድን ቢሮዋ ጠርታ አለቀሰች። «አንተ ያልነዳሃትን ማን ይገዛል? ሰው የሚያየው አንተን ነው። ለሁለታችንም ስትል አንዷን ውሰድና ንዳ።» ሌላንድ ሴት ስታለቅስ ማየት አይችልም፤ በዚያ ላይ የራሱ ሕግ ነው። በሕጉ ደግሞ እንዲሁ አላበቃም። በማግስቱ ካፌው ውስጥ፣ ቡናውን ማን እንደሚከፍል በዳይስ ጨዋታ በምንለይበት ጠረጴዛ ላይ፣ በሁላችን ፊት «ከቦን ክሪክ አንድ ሰው አንዷን እስኪገዛ ድረስ ከጫጩቷ አልወርድም» አለ። ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ሌላንድ ደግሞ እንደዚህ ዓይነቱን ዕዳ ሳይከፍል አያድርም።

ያን ቀን ከሰዓት እኔ ቤት መጣ።

«ቨርን፣ ፒክአፔን ግዛኝ።»

«ጓሮህ አቁመው እንጂ። ምን አስቸኮለህ?»

«ጓሮዬ ፒክአፕ አቁሜ፣ ሰውን ትንሽ መኪና ይበቃሃል ብል ማን ያምነኛል?»

«ማንም አያምንህም። ፒክአፑን ብትሸጥም አያምንህም።»

«ጀልባህን እኮ ይጎትትልሃል» አለኝ። ሻጭ ሻጭ ነው፤ የሰው ድካም የት እንዳለ ያውቃል። ጀልባዬን በዚያች በእናቴ መኪና እየጎተትኩ ዳገት ላይ ስንት ጊዜ ተሰድቤያለሁ። የእናቴን መኪና ሸጬ ገዛሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ለእኔ የተባለ ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት መንጠቆዬን እያዘጋጀሁ ስልኩ ጮኸ። ግሌንዳ ናት። «ቨርን፣ የሌላንድ ፒክአፕ አንተ ጋ ነው አሉ?»

እንግዲህ እንዲህ ሆነ። ፒክአፑ ለካስ ቅዳሜዎቹን ካሶኒው ላይ ጭኖ ነው የመጣው። ምንጣፍ ተሸከምኩ፤ የሞተ ዛፍ ጎተትኩ፤ የማላውቃት ልጅ ከማላውቀው ባሏ ስትለያይ አልጋዋን አወረድኩ። በጥሩ ልብስ ያጌጠ አሳማ ወደ እንስሳት ትርኢት ሜዳ ወስጄ በዚያው ቀን መልሻለሁ። ማንም ደግሞ አንድ ቀን «የቨርን ፒክአፕ» አላለም። ቺሊውን እበላለሁ፤ ግን ስለ ልጆቻቸው ማውራት አልወድም፤ ሌላንድ እንዴት እንደሚወደው እግዜር ይወቅ። ዓሦቹ የሚያጠምዳቸው አጥተው አረጁ።

ሌላንድ ግን በጫጩቷ ውስጥ ጠፋ። መሪው ላይ ጎንበስ ብሎ በበቆሎው መካከል ሲመጣ፣ ከፒክአፕ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው የሚታየው የጣሪያዋ ብጫ ብቻ ነው። እሱም እንደ ልማዱ ሌባ ጣቱን ያነሳል። የሚመልስለት የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ያላዩት መሰለው፤ ሁለት ጣት አነሳ። ከዚያ ሦስት።

«ትናንት ለዱዌን አምስቱንም ነበር ያነሳሁለት» አለኝ አንድ ቀን። «ጠጠሩን ረጭቶብኝ አለፈ።»

«የትልቅ ከተማ ሰው መስለኸው ይሆናል።»

አልሳቀም። «ተቀይመውኛል፣ ቨርን። በዚች መኪና ምክንያት ንቀውኛል።»

«ዱዌን ማንንም የሚንቅበት ጊዜ የለውም» አልኩት፣ ነገር ግን እኔም ልቤ አላረፈም። ካፌው ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሌላንድ ሲገባ ፌዙ አይጣል ነው። «እግርህ ከታች ወጥቶ ነው የምትሮጠው ወይስ ሞተር አላት?» ይሉታል፤ «ማታ ማታ ቤት አስገብተህ ትሸፍናታለህ?» ይሉታል። እሱም ይመልስላቸዋል። ከዚያ ቀስ በቀስ ፌዙ ቆመ። ሲገባ ወንበር ይስቡለታል፣ ዳይሱን በትሕትና ያቀብሉታል፣ ስለ አየር ጠባይ ይጠይቁታል። በእኛ ዘንድ ሰው እንደዚህ የሚከበረው በጠና ሲታመም ነው። ሌላንድም ይህን ያውቃል። ቡናውን ሳይጨርስ መነሳት ጀመረ፤ ከዚያም መምጣቱን ተወ። ቅዳሜ ሲሆን ቤቱ ተቀምጦ የማይጮኽ ስልክ ያያል። አንድ ቀን ዕቃ ጭኜ በደጁ ሳልፍ በመስኮት አየሁት፤ ምሳውን ከቆርቆሮ ውስጥ ይበላ ነበር። እህቴ ብታየው ምን ትል ነበር ብዬ ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ የጫንኩት ዕቃ ግን የሰው ነበርና አልፌ ሄድኩ።

አዝመራው ሊጀመር ሲል ግን የሌላንድ ስልክ ጮኸ። የደወሉት ወይዘሮ ፖስፒሺል ናቸው። ወይዘሮ ፖስፒሺል ከተማውን ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩ፣ አሁን ጉልበታቸው እምቢ ያላቸው ሴት ናቸው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሁሉ ፒክአፕ ነው የሚነዱት፤ እሳቸውን ለማሳፈር አንዱ ከላይ ይስባል፣ አንዱ ከታች ይገፋል። «እንደ ድንች ጆንያ ተጭኜ የዓይን ሐኪም ዘንድ አልሄድም» ብለው ነው ሌላንድን የጠሩት። ጫጩቷ በራቸው ላይ ስትቆም ወይዘሮዋ ዞር ብለው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ፣ እግራቸውን አስገቡ፣ አለቀ።

የሆነውን ያን ቀን ከሰዓት ሌላንድ ራሱ ነው የነገረኝ። ደረጃዬ ላይ ተቀምጦ፣ ቆቡን እያሽከረከረ ነገረኝ። መንገድ ላይ ወይዘሮ ፖስፒሺል እጁን መታ አድርገው «እንኳን ከሰው ተቀላቀልክ፣ ልጄ» አሉት።

«ከሰው መቼ ተለየሁ፣ እሜቴ?»

«ፒክአፑን ስትሸጥ ነዋ።»

«እሱማ ለሥራ ብዬ ነው።»

«ፒክአፑን የሸጠ ሰው ምን አለ ማለት ነው? ከእንግዲህ አትጥሩኝ አለ እንጂ። እኛም አርዲስን ካጣ ወዲህ እኮ አንድ ቅዳሜ አላረፈም፣ ደክሞታል፣ ለብቻው መሆን አምሮታል፣ ተዉት ተባባልን። ሰላምታም ስታቆም ሐዘኑ ገና ነው አልን።»

«እኔ ሰላምታ አላቆምኩም። ጣቴን ሳላነሳለት ያለፍኩት ሰው የለም።»

«ታዲያ እዚህ ታች ማን ያይሃል?» አሉት።

ሌላንድ ቆቡን ማሽከርከር አቆመ። ከዚያ «እኔ እኮ የጠሉኝ መስሎኝ ነበር» አለ፤ ድምፁም ተሰበረ። አርዲስ በተቀበረችበት ቀን እንኳ ሳያለቅስ ወንበር ሲያመላልስ የዋለ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሳዝን የምቆጣ ሰው ነኝ።

«ነገ ካፌ ገብቼ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

«ምን ብለህ? ሌላንድ ብቸኝነት ይዞታል፣ ጥሩት ብለህ? ብትነግራቸው ሁለተኛ ፊትህን አላይም።»

«እንግዲያው ከዚች ጉድ ውረድና ፒክአፕህን መልሰህ ውሰድ።»

«ቃል ሰጥቻለሁ። አንድ ሰው እስኪገዛ ነው ያልኩት።» ተነሣና ቆቡን ደፋ። «የማይገዙበትንም ምክንያት ዛሬ ገና አወቅኩ። ሞኝ ነበርኩ፤ ስለ ቤንዚኑ ሳወራላቸው ከረምኩ። ሰው እዚህ መኪና የሚገዛው ለራሱ መንገድ አይደለም። ጎረቤቱ ለሚጠራው ቀን ነው። በትንሽ መኪና ማን ይጠራሃል?»

እሱ ሲሄድ ብዙ አሰብኩ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ይባላል፤ የዚህ ሰው መድኃኒት ደግሞ እኔ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔንም እንደ መርዝ ይገድለኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት ፒክአፑን ይዤ መሸጫው ገባሁ። ሌላንድ መስተዋት ሲወለውል አገኘሁት።

«ጫጩቷን ስጠኝ» አልኩት። «ያቺን ብጫዋን። ፒክአፑን በልዋጭ ውሰድ።»

ጨርቁን አስቀመጠ። «አልሸጥልህም።»

«እንዴት አትሸጥልኝም? ሻጭ አይደለህም?»

«ለእኔ አዝነህ ነው። ለማያስፈልገው ሰው መኪና ሸጬ አላውቅም።»

«ለአንተ አዝኜ አላውቅም» አልኩት፤ በዚህ ዓለም ከዋሸኋቸው ውሸቶች ሁሉ ይኼኛው የሚጸጽተኝ አይደለም። «ቅዳሜዬን ነው የምፈልገው። ከትናንት ወዲያ እንኳ የግሌንዳን የልብስ ማጠቢያ ይዤ ሦስት ፎቅ ወጥቻለሁ። ቺሊ አንገሽግሾኛል።»

«ጀልባህን አትጎትትም።»

«ከዳር ሆኜ አጠምዳለሁ።»

«በረዶ ሲጥል ከደጅህ አትወጣም።»

«እሰይ።»

«ኮረኮንቹ ላይ ጥርስህ ይንገጫገጫል። የፊት ጎማዋ ጉድጓድ አይወድም። ኋላዋ ላይ ከሁለት ዘንቢል በላይ አይገባም። ስትዞር ደግሞ…»

ማርቫ ከቢሮዋ በር ላይ ሆና ትሰማ ኖሯል። «ሌላንድ ክሬቺ፣» አለች፣ «ሰው በስንት ጊዜ አንድ ቀን ሊገዛ መጣ፤ አፍህን ዝጋ።»

ሌላንድ አየኝ። «ማንም አይጠራህም፣ ቨርን» አለኝ ቀስ ብሎ። «እሱን ሳልነግርህ ብሸጥልህ ማታለል ይሆንብኛል።»

«የምገዛትስ ለዚያ አይደል?» አልኩት። ፈረምኩ። ጫጩቷን ይዤ ስወጣ ከበስተኋላዬ የፒክአፑ ሞተር ሲነሣ ሰማሁ፤ ሌላንድ ወዲያው ተሰቅሎበታል። ክላክሱን ሁለት ጊዜ ነፋ። የቀሩትን አምስት ጫጩቶች ማርቫ ዩኒቨርሲቲ ላለበት ከተማ ነጋዴ አሳልፋ ሰጠች፤ እዚያ ማንም የማንንም ሶፋ አይሸከምም ይባላል።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ነግቶ ስልኬ አልጮኸም። በደጄ ሌላንድ የአንድ ሰው ምድጃ ጭኖ እያፏጨ አለፈ። ካፌውም ውስጥ ፌዙ ተመልሶ እሱ ላይ ዘነበ፤ «ከቅርፊቱ ወጣ» እያሉ ሲቀልዱበት እንደ ሕፃን ልጅ ፊቱ ይበራ ነበር። እኔ ወንዝ ዳር ተቀምጬ ዓሦቼን አጠመድኩ። ደስታ ነበር። በሁለተኛውም ቅዳሜ ደስታ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ለዱዌን ጣቴን አነሳሁ፤ አለፈኝ። ለፖስታ አዳዩ አነሳሁ፤ አለፈኝ። ምክንያቱን አውቃለሁ፣ ገዝቼዋለሁ፣ ፈርሜበታለሁ፤ እያወቅኩም ከፋኝ። የጭነት መኪናዎቹ ጎማ በመስኮቴ ትክክል ሲያልፍ፣ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ፊት ከላይ ሰማዩን እያየ ሲሄድ፣ ሞቼ እንዳልተነገረኝ ሆኖ ተሰማኝ። ሌላንድ ይህን ከሐምሌ ጀምሮ ችሎት ነበር፤ እኔ ሦስት ሳምንት አልሞላኝም። ዓሣው ራሱ ጣዕም አጣ። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጊዜ ስልኩን አንሥቼ ይሠራ እንደሆነ አዳመጥኩ፤ ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ መንጠቆዬን ሳዘጋጅ፣ ጮኸ።

«ቨርን፣» አሉ ወይዘሮ ፖስፒሺል፣ «የሌላንድ ጫጩት አንተ ጋ ናት አሉ?»

«እኔ ጋ ናት፤ የእኔ ናት» አልኩ።

«ደህና። የካርታ ጨዋታ አለኝ፤ እዚያ ማዶ፣ እነ ዊልማ ቤት። ከዚያ ደግሞ ጸጉሬን እሠራለሁ። ዊልማንም ከእኔ ጋር ወስደህ ትመልሳታለህ፤ እሷም ጉልበቷን ነው። ሥራ ትፈታለህ እንዴ?»

«ዓሣ ላጠምድ ነበር።»

«ዓሣው የት ይሄዳል?»

ስልኩን ዘግቼ አጉረመረምኩ፤ ያጉረመረምኩት ግን ጫማዬን እያሰርኩ ነው። ወይዘሮ ፖስፒሺል ዞር ብለው ቁጭ አሉ፣ እግራቸውን አስገቡ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ስለ ልጅ ልጆቻቸው ነገሩኝ። ስለ ዝናቡ ነገሩኝ። የሁለተኛዋ የልጅ ልጅ ባል ምን እንደሚሠራም ጠየቅኳቸው፤ ለምን እንደጠየቅኩ እኔም አላውቅም።

የእህል ጎተራውን አልፈን ኮረኮንቹ ላይ እንደወጣን ከወዲያ ማዶ አቧራ እያስነሣ አንድ ፒክአፕ መጣ። ካሶኒው ላይ ቀይ ሶፋ ተገልብጦ ታስሯል። ያ ትልቅ የፊቱ ብረት እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ፤ እኔም ጣቴን ማንሣት ትቼ መሪዬን ያዝኩ። ምን ዋጋ አለው።

ፒክአፑ ፍሬን ያዘ። ከሞላ ጎደል ቆመ። ሌላንድ ከላይ፣ ቀበቶው እስኪወጠር ድረስ በመስኮቱ ዘንበል ብሎ፣ አንገቱን አስግጎ ወደ ታች አየ፤ እስኪያገኘኝ ድረስ አየ። ሲያገኘኝ ወደ መሪው ተመለሰ፣ ፊቱን አኮሳተረ፣ ሌባ ጣቱን ቀና አደረገ።

«መልስለት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ ወይዘሮ ፖስፒሺል።

እጄን በሙሉ በመስኮት አውጥቼ፣ ሚስቱ እንደወለደችለት ሰው፣ አቧራው ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ አውለበለብኩለት።